በመርዶ ሰዓት ያንኳኳነው በር

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሁለተኛው የኮሮና ዓመት፣ ሜልቦርን ለስድስተኛ ጊዜ በተዘጋችበት ወቅት ነው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ረስቶታል፤ ቢያስታውሰውም እያሳቀው ነው። እኔን አያስቀኝም። በሽታውማ ይዞኝ ለቆኛል፤ ያልለቀቀኝ ያን ጊዜ የወጣልኝ ስም ነው። አንድ ሰው ለማዳን ብዬ በር አንኳኩቼ ሟርተኛ ተብዬ ቀረሁ።

ዘነበች ጓደኛዬ ናት። ነበረች ማለት ይሻላል። ካርቱም አንድ ክፍል ተከራይተን በስደት አብረን ኖረናል፤ እዚህም ሰንሻይን ዌስት ሰፈር ቤቶቻችን በእግር ይገናኛሉ። ባሏ ጋሼ ታምራት በዕድሜ በጣም ይበልጡናል። ከፋብሪካ ጡረታ ወጥተው ጓሯቸው ውስጥ ጎመንና ቃሪያ እያበቀሉ ለሰው የሚያድሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ይህን የማያውቅ የማኅበራችን ሰው የለም፤ በየወሩ ማኅበር ስንጠጣ ዘነበች ጠላውን ከእጃቸው የምትነጥቃቸው በሁላችን ፊት ነው።

መሰብሰብ ሲከለከል ማኅበሩ ወደ ስልክ ግሩፕ ዞረ። መጀመሪያ ጸሎትና "እንዴት አደራችሁ" ነበር። ቀስ በቀስ ግን ቦታውን ክርክር ያዘው። መንግሥት ቤት የዘጋብን ለጤናችን ነው ወይስ ሊለማመድብን? ክትባቱ ይከላከላል ወይስ ይገድላል? ጎራ ለይተን ስንጠዛጠዝ እንውላለን፤ በማግስቱ ደግሞ "እግዚአብሔር ይመስገን" ተባብለን እንደገና እንጀምራለን።

የክርክሩ አውራ የማኅበራችን ሙሴ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ክንፈ ነበር። ክንፈ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል። እኛ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳንወጣ በታገድንበት ጊዜ እሱ ፐርሚት ይዞ እንደ ልቡ ይዞራል። መሪውን ይዞ ቀኑን ሙሉ የማያዳምጠው የለም፤ ያዳመጠውን ደግሞ በድምፅ ቀድቶ ይልክልናል። ድምፁ ያምራል፤ እግዜር ሲሰጠው ለቅዳሴ ነበር፣ እሱ ግን ዶክተር ሆነበት።

"መድኃኒቱ አለ። ርካሽ ስለሆነ ነው የደበቁት" ይላል። መድኃኒቱ ያለው ኢቨርሜክቲን ነው። ሐኪም ስለማያዝለት ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ዕቃ መሸጫ ለፈረስ የሆድ ትል በአፍ የሚሰጠውን ቅባት ገዝቶ ያመጣል። በመርፌ ቅርጽ ባለ ፕላስቲክ የታሸገ፣ ፖም ፖም የሚል ነገር ነው። በየሰው ደጃፍ አስቀምጦ፣ ደውሎ ይሄዳል። ሳንቲም አይቀበልም። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ጻድቅ ነው ያለው።

ጋሼ ታምራት አመኑት። እሳቸው ላይ አልፈርድም። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ወንድማቸውን በልቶባቸዋል። እዚህ አገር በስተርጅና እንደገና "ከዚህ ሰዓት በኋላ ከቤት መውጣት ክልክል ነው" ሲባሉ ደማቸው ነው የፈላው። በመጀመሪያው ዓመት ፖሊስ የመንግሥት የኪራይ መኖሪያ ፎቆችን ድንገት ከብቦ ሰው እንዳይወጣ ሲከለክል ደግሞ እህታቸው ከተዘጋባቸው አንዷ ነበረች። "ሊያክመኝ የሚመጣ ሰው ከነሽጉጡ አይመጣም" አሉኝ አንድ ቀን በአጥር በኩል።

እኔ መርፌውን ቀድሜ ተወጋሁ። ለሰው እንዲጠቅም ብዬ ግሩፑ ላይ ተናገርኩ። ክንፈ "እህታችን ታርጋ አወጣች" ብሎ ላከ፤ መንግሥት እንደ መኪና ቁጥር ለጠፈባት ማለቱ ነው። ሰው በሳቅ ምልክት ሞላው። ዘነበችም ሳቀችብኝ፤ አይቻለሁ።

መስከረም ላይ ጋሼ ታምራት ከግሩፑ ድምፃቸው ጠፋ። ዘነበች ጋ ስደውል "ጉንፋን ነው" አለችኝ። የእኛ ሰው ኮሮና አይዘውም፤ የሚይዘው ጉንፋን ብቻ ነው። "ተመርምረዋል?" ስላት ተቆጣች። "ክንፈ ያመጣውን እየወሰደ ነው፣ ዛሬ ተሽሎታል" አለችኝ። ከኋላዋ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። የተሻለው ሰው እንደዚያ አይተነፍስም።

ሆስፒታል ውሰጃቸው ብዬ ለመንኳት፤ እንቢ አለች። ሆስፒታል ከገቡ በመተንፈሻ ማሽን ያስተኟቸዋል፣ አይመለሱም ብሎ ክንፈ ነግሯታል። ስልኬን ማንሳት አቆመች። ግሩፑ ላይ ብጽፍ ክንፈ "የታመመ ሰው አታስጨንቁ" ብሎ ሰረዘብኝ። ስለዚህ ሄጄ ዓይን በዓይን ላናግራቸው ወሰንኩ።

ብቻዬን ብሄድ እንደማትሰማኝ ስላወቅሁ ከማኅበሩ ሁለት ሰው ይዤ ሄድኩ። አንዷ ብርቄ ናት፤ ከተማ መሃል ቢሮ አብረን እናጸዳለን። ሌላው ለማ ነው፤ ጋሼ ታምራት የሚወዱት የጥበቃ ሠራተኛ። የሦስታችንም ሥራ የሚያልቀው ማለዳ ነው። ከባቡር ወርደን፣ የሥራ ጥቁር ካፖርታችንን እንደለበስን፣ ማስካችንን እንዳደረግን፣ ብርድ ስለነበር እኔና ብርቄ ነጠላችንን ራሳችን ላይ ጣል አድርገን በቀጥታ ሄድን። ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። ሥራ ላይ ያደረ ሰው ጠዋት መሆኑን አያስተውልም፤ ለእኛ የቀኑ መጨረሻ ነበር።

ለማ በሩን አንኳኳ። ከበሽታው ራቅ እንበል ብለን ወደ ኋላ ሄደን፣ ግቢው ውስጥ ተራርቀን ዝም ብለን ቆምን።

መጋረጃው ተገለጠ። ዘነበች አየችን። አገር ቤት መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ምን እንዳየች ይገባዋል። በዚያን ሰሞን ወልዲያ ጦርነቱ ውስጥ ነች፤ እዚያ ያለው ወንድሟ ስልኩ ከተቋረጠ ሰነባብቷል። በማለዳ፣ ጥቁር የለበሱ ሦስት ሰዎች፣ ነጠላ ተከናንበው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ሳይናገሩ ቆመዋል። እኔ ይህን ሁሉ ያሰብኩት ጩኸቷን ከሰማሁ በኋላ ነው።

"ወንድሜን! ወንድሜን በሉኝ!" ብላ በሩን በርግዳ ወጣች። ደረቷን እየደቃች ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ለማ ሊያነሳት ሄደ፤ ሲነካት ይብስ እውነት መሰላት። "ኧረ ማንም አልሞተም!" እያልን ሦስታችንም እንጮሃለን። መርዶ ሲነገር መጀመሪያ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ማን ያምናል። ፈረንጁ ጎረቤት በፒጃማ ወጥቶ ያየናል።

ጋሼ ታምራት ወጡ። በባዶ እግራቸው፣ በርኖሳቸው በአንድ ትከሻ ተንጠልጥሎ፣ ግድግዳ እየያዙ መጡ። ወንድሟ ለእሳቸውም ሚዜያቸው ነበር። "ማን ነገራችሁ? መቼ ነው?" አሉን። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ፈልገው ትንፋሽ አጡ። አፋቸውን ከፍተው ድምፅ የለም። ከንፈራቸው ጠቁሮ በሩ ሥር ቁጭ አሉ።

ማንም እንዳልሞተ፣ የመጣነው እሳቸውን ሆስፒታል ለማስገባት እንደሆነ አስረዳናቸው። ዘነበች ልቅሶዋን በአንዴ አቆመች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ከመሬት ሳትነሳ፣ "ባሌ ሳይሞት ልታለቅሺለት መጣሽ?" አለችኝ።

አምቡላንስ ደወልኩ። እሷ ደግሞ ክንፈ ጋ ደወለች፤ ስፒከር ላይ አደረገችው። መንገድ ላይ ነው፤ የመኪናው ሞተር ይሰማል። "ጋሼ፣ እንዳይወስዱዎት። አልሄድም ማለት መብትዎ ነው። ዛሬን ብቻ ይታገሡ፤ ነገ መድኃኒቱን እጥፍ አድርገን እንሰጥዎታለን" አላቸው። ጋሼ ታምራት በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያች ደቂቃ ያንን ስልክ ከእጇ ነጥቄ መሬት ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ።

የአምቡላንሱ ሰዎች የጋሼ ታምራት ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰክተው ሲያዩ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አልሄድም አሉ ጋሼ። ሲለምኗቸው፣ እንቢ ሲሉ፣ ሲለምኗቸው ቆይተው ራሳቸውን ሳቱ። የሳተ ሰው እንቢ አይልም፤ ጭነው ወሰዷቸው። ዘነበች አብራ ልትገባ ስትል ከለከሏት። መኪናው ሲሄድ ከሦስታችን አጠገቧ የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ ወደ እኔ ዞረች። "ደስ ይበልሽ" አለችኝና በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ታምራት ቤታቸውን አላዩም። ሐኪሙ በጣም ዘግይታችሁ ነው ያመጣችኋቸው ብሎ ለዘነበች ነግሯታል፤ እሷ ግን ክንፈ የተናገረው ደረሰ ብላ ነው የተረዳችው። በመተንፈሻ ማሽን አስተኟቸው፤ አልነቁም። እውነተኛውን መርዶ ያረዳት ማንም ሽማግሌ አይደለም። ከሆስፒታል ተደወለ፣ አንድ የማታውቀው አስተርጓሚ በስልክ መስመር ላይ ገባ፣ "ባለቤትዎ አርፈዋል፤ ጥያቄ አለዎት?" አላት። ያን ጊዜ እሷም ተመርምራ ተይዛ ስለተገኘች ቤቷ ተዘግቶባታል። ብቻዋን ጮኸች። ወሬውን ሰምቼ ሮጥኩና አጥሯ ጋ ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችኝና መልሳ ዘጋችው።

ለቀብር የተፈቀደው አሥር ሰው ነበር፤ እኔ ከአሥሩ አልነበርኩም። በስልክ አየሁት። ሬሳ ሣጥኑን ከፊት ከያዙት አንዱ ክንፈ ነው።

ወሬው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱን ማንም አላነሳውም። ግሩፑ ላይ፣ በየስልኩ፣ ሰው የሚያወራው ስለ እኛ ማለዳ መሄድ ሆነ። ሰው ሳይሞት በመርዶ ሰዓት ይኬዳል? ነጠላ ተከናንቦ? ከእኔ ጎን ቆመው መርፌውን የደገፉት ሳይቀሩ "እሱስ ጥሩ አላደረግሽም" አሉኝ። ብርቄ "እሷ ናት የጠራችን" ብላ እጇን ታጠበች። ለማ ዝም አለ። እኔም ሥራ አድሬ ገብቼ፣ እንደደከመኝ ሽሮና ምስር ሠርቼ ብልክ፣ ድስቱ ክዳኑ ሳይነካ ተመልሶ ደጄ ላይ ተቀመጠ።

አርባቸው ሲደርስ ከተማው ተከፍቶ ነበር። ያልጠሩኝ ቢሆንም ሄድኩ፤ ቀና ብዬ ነው የሄድኩት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳው በኪራይ አዳራሽ ነው። ያን ጊዜ አዳራሽ የሚገባው የክትባት ወረቀቱን በስልኩ እያሳየ ነው፤ በሩ ላይ ጥበቃዋ አንድ በአንድ ታያለች። ከፊቴ የቆመው ሰው ስልኩን አወጣ። አረንጓዴ ምልክት። ሁለቱንም መርፌ ጨርሷል። ክንፈ ነበር። የሁለተኛው መርፌ ቀን ከሥሩ ተጽፏል፤ ወደ ኋላ ስቆጥር የመጀመሪያውን የተወጋው ጋሼ ታምራት በሕይወት ሳሉ ነው። አየኝ፣ አየሁት፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ገባ። ከውስጥ ወዲያው ያ ያማረ ድምፁ ተሰማ፤ ስለ ጋሼ ታምራት ይናገራል።

ዘነበችን በዓይኔ ፈለግኋት። አልተከተበችም። ለባሏ አርባ አዳራሽ መግባት አልቻለችም። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የሰው መኪና ውስጥ፣ ከነከሏ ተቀምጣለች፤ ሰው ምሳ በሳህን ያወጣላታል። ሄድኩና በመስኮቱ በኩል ነገርኳት። "ክንፈ ተከትቧል። አሁን በዓይኔ አየሁት። ጋሼን ከልክሎ እሱ ተከትቧል" አልኳት። ስትደነግጥ ለማየት ነው የፈለግሁት። አዎ፣ እንዲያማትም ፈልጌ ነው።

ሳህኑን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "አውቃለሁ" አለችኝ። "እሱ ሥራው አስገድዶት ነው። አንቺን ማለዳ ደጄ እንድትመጪ ማን አስገደደሽ?" መስኮቱን ዘጋችው።

ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። ጋሼ ታምራትን የገደላቸው በሽታውና የፈረስ መድኃኒት ያመነ ልብ ነው፤ ክንፈ ዛሬም ሙሴያችን ነው፤ እኔ ማኅበሩን ለቅቄያለሁ። እናደዳለሁ። ግን ከንዴቱ በላይ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ብርቄ በጠና መታመሟን ከሥራ ስወጣ ማለዳ ሰማሁ። ያራቪል ነው የምትኖረው፤ ብቻዋን ናት። ቤቴ ሄጄ ታጠብኩ፣ ቁርስ በላሁ፣ ሌላ ልብስ ለበስኩ፣ ከሰዓት እስኪሆን ተቀምጬ ጠበቅሁ። ደግነቱ ደህና ነበረች። ባትሆንም ኖሮ ማንም ሟርተኛ አይለኝም ነበር።