የሳባ እንቁላል

ትናንት የልጅ ልጄ ማርታ እንቁላል ልትቀቅል ውሃ ጥዳ፣ ትምህርት ቤት የሰማችውን ታወራልኝ ጀመር። አያቷን የምትጠራኝ በጣልያንኛ «ኖና» እያለች ነው።

«ኖና፣ እንቁላሉ ውስጥ እንደ ድውር የተጠቀለሉ ክሮች አሉ። ሲሞቁ ይፈታሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ይያያዙና ውሃውን ይይዙታል፣ ይረጋል። ከመጠን በላይ ከሞቁ ግን ይጨማደዱና ውሃውን ይለቁታል።»

እኔ ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። የተጨማደደ እንቁላል ግን በወጣትነቴ አቃጥሎኛል።

ያኔ ሮም ውስጥ ከሳባ ጋር አንዲት ሲኞራ፣ ጣልያናዊት እመቤት፣ ቤት እንሠራ ነበር። ሳባ የአስመራ ልጅ ናት፣ ሳቂታ። በጋው ሲገባ ሲኞራዋ ወደ ትንሽ ቤት ሊዛወሩ ሆነና «አንዳችሁን ብቻ ነው የምወስደው» አሉን። ከዚያ ወዲህ የሳባ ሳቅ እንኳ ያመኝ ጀመር።

እሁድ እሁድ ካርቦናራ የምትሠራው እሷ ነበረች። ትኩስ ፓስታ ላይ የተመታ እንቁላልና አይብ ታፈስበታለች፤ ስታማስለው እንደ ሐር ያብለጨልጫል። እኔ የአሳማ ሥጋ ስላለበት አልቀምሰውም፤ እሷ ትቀምሳለች። «ብቀምስማ እኔንም አያቅተኝም» እያልኩ እጽናና ነበር።

አንድ እሁድ ሳባን ጉንፋን ጣላት። ተራው የኔ ሆነ! እንቁላሉን አፈሰስኩት፤ ጥሬ መሰለኝ። እናቴ ቤት ጥሬ እንቁላል ለሰው ማቅረብ ነውር ነው፤ መልሼ እሳት ላይ ጣድኩት። ወዲያው ፍርፍር ብሎ ውሃውን ለቀቀ።

ሲኞራዋ አይተው ሳቁ። «እንግዲህ፣ ፓስታ በእንቁላል ፍርፍር!»

ሳባ ሻርፕ ተጠቅልላ ከአልጋዋ መጣች። «አንቺ ሴት፣ እሳት ላይ መልሺው ማን አለሽ? የፓስታው ሙቀት ይበቃዋል እኮ!» እያሳለች ሌላ እንቁላል መታች፣ እሳቱን አጠፋች፣ ከፓስታው ውሃ ጠብ አደረገችበት። አማረ። ባትረዳኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲኞራዋ እሷን ወሰዱ። እኔ ሻንጣዬን ይዤ፣ አስፋልቱ በሙቀት ሲለሰልስ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ያገር ሰው ሱቅ በር ላይ ሥራ እጠይቅ ነበር። በኋላ ሥራም ባልም አገኘሁ። ቅናት ግን ሆድ ሞላ ብሎ የሚወጣ እንግዳ አይደለም።

ትናንት ማታ ለማርታ በአሳማው ሥጋ ፋንታ ዙኪኒ አድርጌ ካርቦናራ ሠራሁላት፤ እሳቱን አጥፍቼ፣ ውሃ ጠብ አድርጌ። ሳህኑን በዳቦ ጠረገችው።

«ኖና፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?»

ሳባ ደግ ናት፤ ዛሬም በየበዓሉ ትደውልልኛለች።

«ማንም» አልኳት።