ደጋ ቢራ የተባልኩበት ቅዳሜ

አምቦ ውስጥ ስለ ጥንት ቦታ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ፣ የሆቴሉም ዘበኛ የባጃጁም ሾፌር የሚልከው ወደ እኔ ሱቅ ነው። ሥራዬ ሬዲዮና ሰዓት መጠገን ነው፤ እሱንም ማንም አላስተማረኝም፣ የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ በመግጠም ያገኘሁት ሙያ ነው። ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ እንጂ መማር አላቆምኩም። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ከየትኛው እንደሚቀድም፣ ፍል ውሃው በግንብ ከመታጠሩ በፊት በየት በኩል ይፈስ እንደነበር፣ ሽማግሌዎች በየትኛው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ደም ያደርቁ እንደነበር ጠይቁኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ የሚሆነው ሰው የሌለውን ሲናገር ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት የጀመረው ግን ከአንዲት ቃል ነው። ቃሏን በትክክል ያላወቅኳት ደግሞ እኔ የአገሬው ተወላጅ ስላልነበርኩ ነው። የተወለድኩት መንዝ ነው። አባቴ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበርና ወደ አምቦ ሲዛወር እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አምቦ ለእኔ የመጀመሪያዋ ከተማዬ ናት፤ አፍንጫን የሚነዝረው የጠበሉ ውሃ ሽታ፣ ሁሉቃ ወንዝ ዳር የሚታጠበው ልብስ የሳሙና ሽታ፣ ከዝናብ በኋላ የባሕር ዛፉ ሽታ ዛሬም ካለሁበት ያነሳኛል። በጨዋታም ቢሆን የአምቦን ልጅ የሚያህል ሀብታም አልነበረም። ሌላው ከተማ አንድ ቆርኪ ፍለጋ ሲባክን እኛ የውሃ ፋብሪካ ስላለን ኪሳችን እስኪቀደድ በቆርኪ እንጫወት ነበር። በቆርኪ ጨዋታ ከሠፈራችን የሚያክለኝ ልጅ እንዳልነበር በሕይወት ያሉት ይመሰክራሉ።

ኦሮምኛውንም ቶሎ ነው የያዝኩት። እናቴ ገበያ ስትወጣ ከኋላዋ እየተከተልኩ የጨው፣ የቅቤ፣ የእንቁላል፣ የጎመን ስም በሙሉ አወቅኩ። ሰላምታውን አወቅኩ። ስድቡን ደግሞ ሳላስበው አወቅኩ። የቀረውን የሚነግረኝ ቶሌራ ነበር። ቶሌራ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ደብተሬን የሚይዝልኝ፣ እኔም በሒሳብ የማሳየው፣ አንዱ ሲደበደብ ሌላው ገብቶ አብሮ የሚደበደብ ጓደኛዬ ነበር። ትልቅ ስንሆን አንዱ ላንዱ ሚዜ እንደሚሆን ተማምለናል። ሰው ኦሮምኛ ሲናገረኝ ቀና ብዬ ቶሌራን አያለሁ፤ እሱ ይነግረኛል። ጆሮዬ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን የታሪክ አስተማሪያችን መምህር እሸቱ አንድ ነገር ይዞ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሲያስተምር የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ይጠቀልላል። «ልጆች፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» አለን። «እናንተ በየቀኑ የምትረግጡትን አታውቁትም። ሂዱና በከተማችሁ ከሁሉም የቆየውን ቦታ ፈልጋችሁ አሳዩኝ።» ከዚያ ወሬው መጣ። ከግብርና መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ተገኝቷል፣ መምህራን ወደ ወንጪ ሊሄዱ ነው፣ ሐይቁንና በደሴቱ ላይ ያለውን ጥንታዊ ገዳም ሊያዩ ነው፣ ለአንድ ተማሪ የሚሆን ቦታ አለ። ያ ቦታ የሚሰጠው ምርጡን ላገኘው ልጅ ነው።

ወንጪን ከዚያ በፊት በስም ብቻ ነው የማውቃት። በተራራ አናት ላይ ውሃ፣ በውሃው መካከል ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያሻግር ጀልባ! ጀልባ አይቼ አላውቅም። በዚያ ሳምንት እራት እየበላሁ ጀልባ፣ ስተኛ ጀልባ ነበር የማስበው። ቶሌራም እንደ እኔ ነበር። «አብረን እንፈልግ፤ ካገኘን ዕጣ እንጣጣላለን» ተባባልን። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው።

ሌሎቹ ልጆች ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ፍል ውሃው ሮጡ። እኔ ግን ያኔም አእምሮዬ ከሌላው ይለይ ነበርና ለቶሌራ «ሁሉም የሚያውቀውን ይዘን ብንሄድ ማን ይሰማናል? ገልማው የት ነበር?» አልኩት። ገልማ የቀድሞው የኦሮሞ እምነት ቤት ነው፤ ሕዝቡ ለጸሎትም ለእርቅም የሚሰበሰብበት ትልቅ ክብ ቤት። በአምቦ የነበረውን ካድሬዎች «ኋላ ቀር» ብለው አፍርሰውት፣ የት እንደነበር እንኳ ከፍ ባለ ድምፅ የሚናገር አልነበረም። ይናገራሉ የተባሉት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ ኦቦ ዋቅጅራ። ኦቦ በአማርኛው አቶ እንደማለት ነው።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሄድን። ኦቦ ዋቅጅራ በራቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። ቶሌራ እጅ ነሥቶ የማን ልጅ እንደሆነና አንድ ቦታ ልንጠይቃቸው እንደመጣን ተናገረ። ወደ እኔ እያዩ «ይኼስ?» አሉ።

«የመንገድ ሥራው ግሬደር ነጂ ልጅ ነው።»

«አባቱ መንገድ ይሠራል፣ ልጁ መንገድ ይጠይቃል?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ስለ ገልማው ስንጠይቃቸው ሳቃቸው ጠፋ። ገመዱን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው አጠበቁት። «አፈረሱት። ካድሬ አፈረሰው» አሉ በአማርኛ፤ ቀጥለውም እንደ አገሩ ልማድ አፋቸው ወደ ኦሮምኛ ዞረ። «ገልሚ ዳጋ ቢራ ቱሬ።» ፊታቸውን ወደ ገመዱ መለሱ።

ገልሚ ገልማው ነው። ቱሬ «ነበረ» ነው። ቢራ የምትለውንም ሌላ ሰው ቢሆን የሚጠጣ ነገር ይመስለው ነበር፤ እኔ ግን «አጠገብ» ማለት መሆኗን አውቃለሁ። የቀረችኝ አንዲት ቃል ብቻ ናት። የመንዝ ልጅ ጆሮ ደግሞ ያቺን ቃል ሲሰማ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከግቢው እንደወጣን ቶሌራን ያዝ አድርጌ «ደጋው ነው ያሉት?» አልኩት።

ቶሌራ ወደ ሽማግሌው ግቢ ዞር ብሎ አየ። ያቺን መዞር አሁንም አልረሳኋትም። ከዚያ «ዳጋ ነው ያሉት» አለና እጁን ዘርግቶ በስተ ደቡብ ያለውን ተራራ አመለከተኝ። «ነገ ጠዋት አንተ ቅደም። እኔ የአባቴን በቆሎ ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ እደርስብሃለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት የኮንጎ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። በወንጪ መንገድ ዳገቱን ተያያዝኩት። ያን ዳገት በዚያ ዕድሜ ብቻውን የወጣ የከተማ ልጅ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሽቅብ በወጣሁ ቁጥር ብርዱ እየጠነከረ፣ ገብሱ እየበዛ መጣ፤ አገሬ የተመለስኩ ያህል ደስ አለኝ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ገልሚ ኤሳ ጂራ?»፣ ገልማው የት ነው፣ እላለሁ፤ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ወደ ቀትር ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። አንዲት ሴትዮ ከአጥራቸው ሥር ጠርተው ከጎጆው ታዛ አስገቡኝ፤ የገብስ ቆሎ በእፍኜ ሞሉልኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ልትፈልግ መጣህ?» አሉኝ። በምችለው ነገርኳቸው። ኦቦ ዋቅጅራ ያሉትንም ቃል በቃል አልኩላቸው፤ በማስታወስ ማንም አይቀድመኝም። ሴትዮዋ ደግሜ እንድለው አደረጉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፍነው፣ ከአጥሩ ግርጌ አንድ ነገር አንሥተው መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ኩኖ! ዳጋ» አሉ። ይኸው፣ ዳጋ።

ድንጋይ ነበር። ዳጋ ማለት ድንጋይ ነው። ገልማው ድንጋዩ አጠገብ ነበር ነው ያሉት ሽማግሌው። የትኛው ድንጋይ እንደሆነም ወዲያው ገባኝ፤ አምቦ ውስጥ «ድንጋዩ» የሚባል አንድ ብቻ ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ በታች፣ ወንዙ ዳር ያለው ጥቁርና ሰፊው፣ ሴቶች ልብስ የሚያሰጡበት። እኔ ራሴ ዋኝቼ ስወጣ ቁምጣዬን አስጥቼበታለሁ። ይህን ቃል እስከዚያ ቀን አለማወቄን የሚታዘበኝ ቢኖር፣ የተማርኩት ከገበያ ነው፤ ገበያ ላይ ድንጋይ የሚሸጥ የለም።

በረዶው ሳያባራ ቁልቁል መሮጥ ጀመርኩ። እየሮጥኩ የማስበው ምን መሰላችሁ? ቶሌራ ተሳስቶ ነው እል ነበር። ሽማግሌውን አልሰማቸው ይሆናል እላለሁ። ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ቃል መሆኑ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ሌላ ምክንያት እፈልግለታለሁ። አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ምክንያት መፈለጌን ግን ወፍጮ ቤቱ ጋ እስክደርስ አልተውኩም።

ቶሌራ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። መምህር እሸቱ ተንበርክኮ በቅጠል የድንጋዩን ሽበት ይጠርጋል፤ በጸሎት ጊዜ ቅቤ ሲፈስበት ኖሮ የጠቆረውን ቦታ፣ ከአጠገቡ ምሰሶ የቆመበትን ጉድጓድ እያየ «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይላል። ከክፍላችን ልጆች ጥቂቶቹ ከብበዋል።

«ደጋ ነው አልከኝ እኮ!» አልኩት። ድምፄ እንደ ሴት ልጅ ቀጠነ።

ቶሌራ ከድንጋዩ አልወረደም። «እኔ ዳጋ ነው አልኩህ። ይኸው ዳጋ። ዳጋ አይደለም?» አለና ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

አንዱ ልጅ «ደጋ ወጥቶ ቢራውን ጠጥቶ መጣ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። «ደጋ ቢራ! ደጋ ቢራ!» መምህር እሸቱ ነገሩ ስላልገባው እሱም ፈገግ አለ። እኔ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ጭቃ አድርጌ ቆምኩ። ቶሌራ ልክ ነው፤ በአፉ አልዋሸኝም። የዋሸኝ በጣቱ ነው። በጣት የተነገረን ውሸት ደግሞ ለማን ትከሳለህ?

በማግሥቱ እሑድ ወንጪ የሄደው ቶሌራ ነው። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ልጆቹን ሰብስቦ ሲያወራ፣ እኔ ከክፍሉ ግድግዳ ጀርባ ቆሜ ቆርኪ የምቆጥር መስዬ ሰማሁት። ጀልባው እንዴት እንደተወዛወዘ፣ ውሃው እንዴት እንደጠቆረ ተናገረ። ተራኪ ነበር፤ ይህን አልነፍገውም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወንበር ቀየርኩ። አባቴ ነገሩን ሲሰማ «ከጠላትህስ ራስህ ትጠበቃለህ፤ ከወዳጅ እግዜር ይጠብቅህ» ብሎ ሌላ ጫማ ገዛልኝ።

ያኔ «ኋላ ቀር» ተብሎ የፈረሰው ዛሬ ቅርስ ይባላል። ተማሪው በስልኩ ፎቶ እያነሣ ይመጣል፣ ማንም ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ ይህ ከእኛ ዘመን የተሻለ ነው። ሁለት ልጆች ተያይዘው ፍለጋ ሲሄዱ ግን አላይም፤ እንደዚያ ዓይነቱ መተማመን ከእኛ ጋር አልፏል መሰለኝ። ቶሌራን ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅሶ ላይ አገኘሁት። አዲስ አበባ ኖሮ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ፀጉሩ ነጥቷል። ከሩቅ አይቶኝ እጁን ዘርግቶ «አንተ ደጋ ቢራ! አለህ?» አለኝ፤ እየሳቀ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። እሱ የያዘው ቀልዱን ነው። «አለሁ፣ ኦቦ ቶሌራ» አልኩት። ለልጅነት ጓደኛ ኦቦ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እጁ ወረደ።

አዎን፣ አለሁ። ያለ አስተርጓሚ ኦሮምኛን ከሥሩ ተማርኩ፤ ዛሬ በኦሮምኛ ስቀልድ የማይስቅ የአገሬው ሰው የለም። ፍርድ ቤት ቋንቋ ለጠፋው ሰው ሁሉ አስተረጎምኩ፤ ሳስተረጉም ሁለቱን እጆቼን ከኋላዬ ነው የማደርገው። ድንጋዩን በገዛ ገንዘቤ ዙሪያውን በአጥር አስከበብኩት። በወንጪ ጀልባ ስፍር ቁጥር ለሌለው ጊዜ እንግዳ ይዤ ተሻገርኩ። ልጆቼን አስተማርኩ፣ ቤት ሠራሁ። የሠርጌ ዕለትም ሚዜ ሳላቆም፣ ብቻዬን ቀድሜ ገብቼ ሙሽራዬን ይዤ ወጣሁ። ሰው ሁሉ «ምነው፣ አንድ ጓደኛ እንኳ?» ሲለኝ፣ «እኔ ለራሴ እበቃለሁ» አልኩ።

በቃሁም።