የናሆም ወንበር በሩ ጋ ምን ይሠራል?

ባለፈው ሐሙስ ፈተና ጨርሰን በጊዜ ተለቀቅን። ጓደኞቼ መገናኛ ሊዞሩ ሲወርዱ እኔ የኮተቤ ታክሲ ውስጥ ገባሁ... አንዲት ሴትዮ ላጋልጥ።

ታናሽ ወንድሜ ናሆም ካረፈ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ሳንባ ምች ነው የወሰደብን። በዓመት ከምናምን ብቻ ነበር የምበልጠው፤ የማያውቀን ሰው መንታ ይለን ነበር። ኮተቤ፣ ዳገቱ ሥር ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ የልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ ይማር ነበር።

ናሆም አይናገርም ነበር። ቢስቁበትም፣ ቢመቱትም፣ ቤት መጥቶ አይናገርም... እኔን የሚበላኝ ይሄ ነው።

ክፍሉ ውስጥ እትዬ ዝናሽ የሚባሉ ረዳት አሉ። መምህሯ ስታስተምር እሳቸው እርሳስ ያስይዛሉ፣ ሽንት ቤት ያደርሳሉ፣ የተረበሸውን አቅፈው ያረጋጋሉ። ናሆም የእሳቸውን እጅ ካልያዘ የግቢውን በር አያልፍም ነበር።

ለቅሶ ሲመጡ ግን አላለቀሱም። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዘው ተቀመጡና እኔን ብቻ ያዩ ጀመር። ቀና ስል ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፤ ወጣ ብዬ ስመለስም እኔው ላይ... የደበቀው ነገር ያለ ሰው ነው እንደዚህ የሚያየው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ የሹራቡ ጉዳይ መጣ። እማዬ በእጇ የሠራችለት አረንጓዴ ሹራብ ትምህርት ቤት ቀርቶ ነበር። «እሱን እንኳ አምጣልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። እትዬ ዝናሽ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እየሮጡ ወጥተው የግቢው በር ላይ አስቆሙኝ። ታጥቦ አልደረቀም አሉ። ሌላ ቀን ስሄድ ደግሞ ቁልፍ የያዘችው መምህርት የለችም አሉኝ። በሦስተኛው እሳቸውም አልወጡ... ዘበኛው ናቸው የመለሱኝ። አንተን እንዳላስገባ ተነግሮኛል አሉ። ማን እንደነገራቸው ስጠይቃቸው ወደ ናሆም ክፍል አየት አደረጉ።

የሞተ ልጅ ሹራብ ለምን ይደበቃል? ተቀዶ ይሆን? ደም ነክቶት ይሆን? የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሁልጊዜ ይሄንኑ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

ሐሙስ ዕለት ዘበኛው የውኃ ቦቴ ሲያስገቡ ከምሳ ከሚመለሱት ተማሪዎች ጋር ተቀላቅዬ ገባሁ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አንድ ወንበር ግን ለብቻው ተነጥሎ በሩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። መደገፊያው ላይ አረንጓዴው ሹራብ ተንጠልጥሏል።

ደሜ ፈላ። ወንድሜን እንደ ጥፋተኛ ነጥለው በር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት ማለት ነው።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። «እትዬ ዝናሽ፣ ናሆምን እዚህ ነበር የምታስቀምጡት?»

«ውጣ» አሉኝ በሹክሹክታ። «በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ውጣ።» የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም። አንድ ልጅ ነው የሚያዩት።

ቢኒ ነው፣ የናሆም ጓደኛ። ቤት ባሉን የትምህርት ቤት ፎቶዎች ላይ ሁሉ ከናሆም አጠገብ አለ። እሱም አይናገርም። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ተነስቶ መጣና ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሲሚንቶውን እያስጮኸ ጎትቶ ከራሱ ወንበር ጋር አጠጋው። ከዚያ መቀመጫውን መታ መታ አደረገልኝ።

ተቀመጥ ማለቱ ነው።

ተቀመጥኩ... ምን ላድርግ? ቢኒ ትከሻዬ ላይ ደገፍ ብሎ ሥዕሉን መቀባት ቀጠለ።

እትዬ ዝናሽ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ናሆም ከቀረ ጀምሮ ቢኒ ጠዋት ጠዋት ሹራቡን ይዞ በር ላይ ይጠብቀው ነበር። ሊወስዱበት ሲሞክሩ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። ስለዚህ ወንበሩን ከነሹራቡ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ ያርቁታል፣ መለየቱን እንዲለምደው። በሩ ጋ ሲደርስ ይወጣል። ያን ቀን ሹራቡን ራሳቸው ለእማዬ ይዘው ሊመጡ ነበር።

«ለእናንተ መርዶ የሚነግር ሽማግሌ ተገኘ» አሉ። «ለእሱ ማንን ልላክ?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለቅሶ ቤት ሳይህ እንባዬ ቀጥ አለ። ይሄን ፊት ይዞ ትምህርት ቤት የመጣ እንደሆነ ጉዴ ፈላ አልኩ።»

ለካ ሹራቡን ከእኔ አልደበቁም። እኔን ከቢኒ ነው የደበቁት።

ያ ሁሉ ሳምንት ቀስ እያለ ወደ በሩ የተጓዘ ወንበር ወደ ድሮ ቦታው ተመልሷል... እኔው ተቀምጬበታለሁ። ቢኒን እጁን ሊያስታጥቡ ሲወስዱት ወጣሁ። ደህና ሁን አላልኩትም። ናሆምም ብሎት አያውቅም።

የካ አባዶ፣ ቤት ስደርስ እማዬ መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው። ባዶ ነው።

«ዛሬስ?»

ሁሉንም ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን እማዬ ታክሲ በቆመ ቁጥር በመስኮት ማየት ያቆመችው በቅርቡ ነው። ልጅሽን አሁንም የሚጠብቀው አለ ብዬ እንዴት ልጀምርላት?

«አልደረቀም» አልኳት።

«በዚህ ፀሐይ?» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንተና ሴትዮዋ የምትደብቁኝ ነገር አለ።»

እንግዲህ ወንበሩ በሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ... ቤታችን ውስጥ የምጠረጠረው እኔ ነኝ።