«ደህና ነው» ብሎ የገባው ባሕረኛ

እዚህ እንግሊዝ አገር የማስታምማቸው አሮጊት፣ ማርጋሬት ይባላሉ፣ ባለፈው ሳምንት የታላቅ ወንድማቸውን ፎቶ አሳዩኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «አጥፊ» በሚባለው ዓይነት የጦር መርከብ ላይ መድፈኛ ነበር። መርከቡ ስንቅ የጫኑ መርከቦችን እያጀበ በሰሜኑ ባሕር ሲመላለስ፣ ባሕረኞቹ ከብረቱ ላይ በረዶ በመጥረቢያ ይፈልጡ ነበር አሉ። በመጨረሻ ቶርፒዶ የሚሉት የውሃ ውስጥ ቦምብ መታውና ሰጠመ፤ ወንድማቸውም አብሮ ቀረ።

«እናቴ ቴሌግራሙን በር ላይ እንደቆመች አነበበችው። የአንቺስ እናት እንዴት ሰሙ?» አሉኝ።

የእኔንም ወንድም ባሕር እንደወሰደው ያውቃሉ።

ወንድሜ ደሳለኝ በአገራችን ጦርነት ጊዜ ምጽዋ ወደብ፣ በባሕር ኃይል መርከብ ላይ ነበር። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ባለው መንደራችን ባሕር ያየ አልነበረም፤ እናቴ መርከብን የምታውቀው ከኖኅ ታሪክ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ መንገዱ ሁሉ አቧራ ለብሶ ሳለ፣ አንድ ከሲታ ወጣት ከቅዳሴ በኋላ ደጃችን ቆመ። የጎረቤታችን የስማዳ ወረዳ ልጅ ነው፤ ከደሳለኝ ጋር አንድ መርከብ ላይ ያገለገለ።

«ልጄስ?» አለች እናቴ።

«ደህና ነው፣ እማማ።»

«ከስቷል?»

«ኧረ ወፍሯል!»

«በጾም ዓሣ እያበላችሁት ይሆናላ! እናንተ ከሓዲዎች!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

እንግዳው ሽሮውን በውሃ እያወራረደ ዋጠ። እኔ ለወንድሜ ስንቅ ገብስ ቆልቼ በሶ ፈጨሁ። እናቴ ቋጥራ ሰጠችው፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ሊሳለም መስሎኝ ነበር።

ጎህ ሲቀድ የነፍስ አባታችን ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ግቢያችን ውስጥ ቆመው አገኘናቸው። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር፤ መንገደኛ በቀትር ተነሥቶ አይናገረውም። ወጣቱም ወጉን ስለሚያውቅ ነው ለቄሱ ነግሮ ያደረ።

«ልጄ፣ በርቺ» አሉ ቄሱ።

«አይሆንም! ትናንት ደህና ነው ተብያለሁ።»

ያን ጊዜ ወጣቱ ከሰዉ ኋላ ወጣ። በሶው እንደተቋጠረ በእጁ ነው። እንደነገረን፣ መርከባቸው በመድፍ ሲመታ እሱ ዋኝቶ ወጣ፤ ደሳለኝ ከታች፣ ከሞተሩ ክፍል ነበር። ሬሳው አልተገኘም።

እናቴ ወዲያው አልጮኸችም። ወጣቱን አየችውና፣ «ስስቅ እያየኸኝ?» አለችው። ከዚያ በኋላ ነው ደረቷን መምታት የጀመረችው።

ይህን ስነግራቸው ማርጋሬት፣ «ታዲያ እናትሽ አንድ የደስታ ቀን አተረፉ» አሉኝ። በወጣቱ አልፈርድም፤ ልቡን እግዚአብሔር ያውቃል። ወጉም ለርኅራኄ የተሠራ ነው። ግን እናቴ አርጅታም፣ ማንም ስለ ማንም «ደህና ነው» ሲላት አታምንም። እሑድ እሑድ ስደውልላት፣ «ደህና ነኝ» ካልኋት ዝም ትላለች፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ስለዚህ ሕመሜን አልደብቃትም።

«ወገቤን ቆረጠመኝ፣ እማ» እላታለሁ።

«ተመስገን!» ትላለች፤ ከዚያ ወሬያችን ይጀመራል።