«እሷስ እንዴት አደረች?»

አያቴ ቄስ ነበሩ፤ አባባ እንላቸዋለን። ከኪዳን ሲመለሱ በመቋሚያቸው የቤታችንን ደፍ መታ መታ ያደርጉና «ደኅና አደርሽ?» ይሉኛል። ቀጥለው ሆዴን እንደ ሰው ለብቻዋ ይጠይቋታል፤ «እሷስ እንዴት አደረች?»

ለጥርሴ ብዬ የዋጥኩት አንቲባዮቲክ ነበር የጣለኝ። ላሊበላ ያከመኝ ሐኪም፣ መድኃኒቱ የአንጀቴን ደጋግ ተሕዋስያን ጨርሶ ክፉው ብቻውን እንደተራባ ነገረን። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንክርዳዱን ሲነቅል ስንዴውንም አብሮ ነቀለው በለኛ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ተቅማጡ አልጋ ላይ ባዋለኝ ጊዜ ሁሉ፣ ስለ ማሳቸው እንደሚጨነቁት ስለ ሆዴ ይጨነቁ ነበር።

እኔ ሳልነሳ እሳቸው ሄዱ። ቀብራቸው ላይ የቆምኩት ሰው ደግፎኝ ነው።

ይኸው አሁን እንጀራ እበላለሁ፤ ሆዴም ዝም ትላለች። መቋሚያቸው ከበሩ ጥግ ቆሟል። ኪዳን ሲያልቅ ጆሮዬን ወደ ደፉ እጥላለሁ፤ የሚመታው የለም። ማን ይጠይቃት? ለማንስ ልንገር?

ሐኪሙ ሆድሽ ድኗል ብሎኛል። ለሰውም እንደዚያው እላለሁ። አባባ፣ እርስዎን ግን አልዋሽም፤ ሆድ ብሶኛል።