ስልክ ውስጥ ያልገባችው ግጥም

ስለ እትዬ በለጠች ልጽፍ ነው። አመተ ማርያም እባላለሁ፣ ዳባት ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ነው የምንኖር። መጻፍ ብዙም አልችልበት። ግን ስለሷ ሰው ስልክ ላይ የጻፈውን ሁሉ አነበብሁትና እውነት አጣሁበት። እንግዲህ እንደሆነልኝ።

ኑሮዋ በነጭ ሽንኩርት ነው። ገበያ ቀን ጆንያ አንጥፋ ትቸረችራለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅም አልሰጣት። ሰው ሲሞት ግን ከዚህ እስከ አምባ ጊዮርጊስ እሷን ነው የሚጠራ፤ አስለቃሽ ናት። ቄሶቹ ሙሾ ይቅር እያሉ ይገስጻሉ፤ የራሳቸው ሰው ሲሞት ግን ዝም ይላሉ። እኔ ተቀባይዋ ነኝ። እሷ ግጥሙን ስታወርድ እኔ ከሴቶቹ ጋር እቀበላታለሁ።

ሙሾ ሥርዓት አለው። ፊት የምትወርደዋ ግጥም ታቆስላለች። ቤተሰቡን ትወቅሳለች፤ የት ነበራችሁ፣ ለምን አልደረሳችሁለትም ትላለች። ያን ጊዜ የደረቀ ዓይን ሁሉ ይከፈታል፣ የተወቀሰውም ደረቱን እየመታ ይወጣለታል። ወዲያው ሁለተኛዋ ትከተልና ትጠግናለች። ቁስሉን ከፍቶ ትቶ መሄድ የለም። ሰዉ ከለቅሶው ሲነሳ ወቀሳውን እዚያው ጥሎት ይነሳል። እስከዛሬ በሙሾ የተጣላ ሰው አላየሁም።

በ2009 ነሐሴ ላይ ዋሴ ሞተ። ዋሴ በግ ነጋዴ ነው፣ ጃናሞራ በግ ሊገዛ ወርዶ ሆዱን ታመመ። ክረምቱ የከፋ ነበር፣ መንገዱን ናዳ ዘግቶታል። ታናሽ ወንድሙ ገዱ ደባርቅ አይሱዙ መኪና አለው። እንደተደወለለት ተነስቶ በረረ። ናዳው ጋ ሲደርስ መኪናው ማለፍ አልቻለም። ጭቃ ውስጥ ቁሞ እንደ ሴት ሲያለቅስ ያዩት ሰዎች አሉ። ዋሴን በቃሬዛ ተሸክመው ናዳውን ሲያሻግሩት ግን ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ለቅሶው ዳባት፣ እናታቸው እማማ የትናየት ደጅ ሆነ። የዋሴ ፎቶ ከሬሳው ራስጌ ቆሟል። እትዬ በለጠች ነጠላዋን አደግድጋ መሀል ገባች።

ወንድምህ ባለመኪና፣ ደጁ ሞተር እያጓራ፣
አንተ በሰው ትከሻ ወረድህ ከተራራ።

ገዱ ራሱን መሬት ላይ ጣለ። እማማ የትናየትም እዚያው ዞረባቸው፣ ተሸክመው ቤት አስገቧቸው። ሁለተኛዋ ስትወርድ አልነበሩም ማለት ነው።

መንገዱ ነው የከዳህ፣ ዝናቡ ነው የጨከነ፣
ገዱማ ምን ያድርግ ቀልቡ እየባከነ።

ተቀበልናት። ወንዶቹ ገዱን አነሱት፣ አባ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አደረጉለት፣ አለቀ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቻላቸው የሚባለው፣ ደባርቅ ፎቶ ቤት ያለው፣ ስልኩን ከፍ አርጎ ይዞ ነበር። ለቤተሰቡ ማስታወሻ የሚያነሳ መስሎን፣ ወደዚህ ቁም፣ እዚህ ይታይሃል እያልን ቦታ ለቀቅንለት።

ከሳምንት በኋላ ገበያ ላይ ነን። ሻይ ቤት ያላት ገበያነሽ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

"በለጠች፣ ከሽንኩርትሽ ተነሺና ራስሽን እይ!"

"ራሴንማ አውቀዋለሁ፣ ማስጠሎ ነው።"

"መቶ ሺህ ሰው ያየው ማስጠሎ ነዋ! ታዋቂ ሆነሻል፤ ከእንግዲህ ሽንኩርት ስንገዛ ተሰልፈን ነው።"

አጎነበስንና አየን። በቀይ የተጻፈውን እኔ አነበብሁላት፦ "ወንድሙን ያስጨረሰው ባለመኪና! አስለቃሿ ጉዱን አወጣችው!" የገዱ ፊት በቀይ ተከቧል። እትዬ በለጠች ከውስጥ ሆና ታወርዳለች። "ከተራራ" ብላ ስትጨርስ ዘፈን ገባ፣ አንድ ልጅ "ሰብስክራይብ ማረግ እንዳትረሱ" አለና ቆመ።

"ቀጣይቱስ?" አለች እትዬ በለጠች።

"አለቀ፤ ይችው ናት" አለች ገበያነሽ።

"እንዴት ያልቃል? ቁስሉ ላይ ያልቃል?"

ከሥሩ የማናውቃቸው ሰዎች ጽፈዋል። ገዱን ጅብ ያሉት አሉ። ስልክ ቁጥሩን ላኩልን ያሉ አሉ። አንዱ ደግሞ እትዬ በለጠችን ጀግና እናት ብሏታል። እሱን ሳነብላት "ተይው" አለችኝ፣ ሽንኩርቷን ሰብስባ በጊዜ ገባች።

እሑድ ከሰዓት ገዱ መጣ። ግባልኝ ብትለውም ከደጅ አልገባም።

"እትዬ፣ አንቺን አልወቅስም። እዚያው ነበርሁ፣ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። አምባ ጊዮርጊስ ጭነት ስጠይቅ ‘መጀመሪያ ወንድምህን ጫን’ ይሉኛል፣ እሱንም ችየዋለሁ። እናቴ ግን..." ብሎ ቆመ።

"እናትህ ምን?"

"ውሃ ስሰጣት ከእጄ አትቀበልም። ስልኩን አሳይተዋታል። ሁለተኛዋን አልሰማችም። አርባው ሲወጣ ዘመድ ሁሉ ይመጣል፤ ልጅ ሁኘ ልቁም ወይስ እንደ ባዳ ከአጥር ውጭ ልሁን? አንድ ነገር አርጊልኝ።"

"እኔ ነኝ የከፈትሁት፣ እኔው እዘጋዋለሁ" አለችው።

በማግስቱ አባ ኪዳነ ማርያምንና ሁለት ሽማግሌ ይዘን እማማ የትናየት ዘንድ ገባን። ሁሉም መሰከሩ። እትዬ በለጠችም ሁለተኛዋን ግጥም እንደ ወሬ፣ ዜማ ሳታወጣላት ነገረቻቸው። እኔም እንደምንም ብዬ "ተቀብለናት ነበር እማማ" አልሁ።

እማማ የትናየት አዳመጡና፣ "አንቺማ የሷ የገደል ማሚቶ ነሽ" አሉኝ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ሽማግሌ ለእርቅ ሲል ይዋሻል፤ ባሌ ሽማግሌ ነበር፣ ሲዋሽ አውቃለሁ። ስልክ ግን ዘመድ የለው፣ ለማን ብሎ ይዋሻል? የተባለ ከሆነ እዚያ ላይ አምጡልኝ።"

እውነትም ሌላ መንገድ አልነበረም። ደባርቅ ሄድን።

የቻላቸው ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ ይነሳበታል፣ ወረቀት ይባዛበታል፣ ዘፈን ይጫንበታል። ሲያያት ብድግ አለ።

"ማዘር! ኮከቤ መጣች!" አለና ለስላሳ አስከፈተልን። ሰው አክባሪ ነው፣ አልዋሽም። የዋሴ ወዳጅ እንደነበረ፣ ዋሴ በግ ሲገዛ እንዴት ጥርስ እንደሚያይ እያስመሰለ አሳቃት። በለቅሶው ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

"ልጄ፣ ያን ነገር አጥፋልኝ" አለችው።

"ምን አጠፋሁ ማዘር? ያልሽውን ነው ያሳየሁ።"

"ግማሹን ነዋ!"

"ሙሉውን ማን ያያል? ሰው ሲናደድ ነው የሚያይ፣ ሲናደድ ነው ለሰው የሚልክ። ሲታረቅ ስልኩን ዘግቶ ይተኛል። ሰው ባየው ልክ ማስታወቂያ ይገባበታል፣ በዚያ ነው የምንኖር። ገንዘቡም ቢሆን ውጭ አገር ባለች የአክስቴ ልጅ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣ፣ እሷም ትቆነጥራለች። ሳጠፋው እኔ ነኝ የምጠፋ።"

"እንግዲያ ሙሉውን አምጣውና ለእናትየው ላሳያቸው።"

"ሜሞሪ ሲሞላብኝ ደለትሁት።"

እትዬ በለጠች ለስላሳውን አስቀመጠች። ቻላቸው ትንሽ አሰበና ወንበሩን ሳበ።

"አንድ ዘዴ አለ። ሁለተኛዋን አሁን በይልኝ፣ እቀርጽሻለሁ። ክፍል ሁለት ብዬ እለቃታለሁ። እናትየው በስልክ ካልሆነ አላምንም ካሉ፣ ይኸው ስልክ።"

"እዚህ?"

"እዚሁ።"

"ሬሳው የታለ?"

ሳቀ። ባላገሩ የሚያውቀውን እሱ ረስቶታል መሰለኝ። ያለ ሬሳ ሙሾ አይወርድም፣ ሟርት ነው። ልጆች በጨዋታ እንኳ ሲሉት አፋቸውን እንመታለን።

"ማዘር፣ ሞት በስልክ አይጠራም፤ እዚህ ኔትወርክም የለ።"

"ሞት ኔትወርክ አይፈልግም፣ ልጄ" አለችው፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ልብሷን ይዤ "እንሂድ እትዬ፣ ይቅር" አልኋት። "አርባው እየቀረበ ነው እኮ" አለች፣ ለኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። ከዚያ ተነስታ፣ አበባና ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆመች፣ ነጠላዋን አደገደገች።

"መንገዱ ነው የከዳህ..." ስትል ፎቶ ሊነሳ ተራ ይጠብቅ የነበረ ገበሬ ባርኔጣውን አወለቀ። ማን ሞተ ብሎ ግራና ቀኝ ያያል። እኔ ተቀበልሁ። ሌላ ሴት ስላልነበረ ሁለት ድምፅ ብቻ ሆነ፣ ያስፈራ ነበር። ቻላቸው ራሱ እንባ ያዘው፣ ይህንንም አልዋሽም።

"ዛሬውኑ እለቃታለሁ" አለን። መኪና ድረስ ሸኘን።

ማምሻውን ገበያነሽ ጠራችን። እንደ ልማዷ አልጮኸችም፣ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። ፊት ለፊት የወጣው የእትዬ በለጠች ሥዕል ነው፣ ለስላሳ ይዛ ስትስቅ። በላዩ ላይ በቀይ፦ "አስለቃሿ ቃሏን አጠፈች! ባለመኪናው ስንት ከፈላት?"

"ምን ይላል?" አለችኝ እትዬ በለጠች።

መጀመሪያ ዋሸኋት፣ ክፍል ሁለት ይላል አልኋት። ፊቴን አይታ "አንብቢው" አለችኝ፤ አነበብሁት።

በኔ ስልክ ቻላቸው ጋ ደወለች። "መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለው እኮ ማዘር" አላት። "ጠየቅሁ እንጂ ከፈላት አላልሁም። ደግሞ ግጥምሽ ሙሉዋን አለች፣ የከፈተ ሰው ይሰማታል።" ከዚያ በኋላ ስንደውል አላነሳም።

የከፈተ ሰው ይሰማት ነበር፣ እውነቱን ነው። ለእማማ የትናየት ግን ሰዎች ሳይከፍቱት ጽሑፉን አነበቡላቸው፣ ሥዕሉን አሳዩዋቸው። እትዬ በለጠች በነጋታው ስትሄድ በሩ ላይ ነው የጠበቋት።

"በልጄ ሬሳ ላይ ያልሽውን በለስላሳ ለወጥሽው?"

"እማማ፣ ይክፈቱትና ይስሙኝ! በማርያም፣ ይስሙኝ!"

"የሳቅሽውን አይቻለሁ። ጥርስሽን አይቻለሁ። ገዱ ንጹሕ ቢሆን ምን ቸግሮት ይገዛሽ ነበር?"

በሩን ዘጉባት። ያችን ሳቅ እንዴት እንደሳቀቻት፣ ስለ ዋሴ በግ አገዛዝ እንደነበረች፣ ከበሩ ውጭ ቁሜ ለማን ልናገር።

አርባው ወጣ። ድንኳኑን የተከለው ገዱ ነው፣ እንጨቱን በመኪናው ያመጣው ገዱ ነው። ሰው ሲቀመጥ ግን እናቱ "ያ ሰው ወጥቷል?" ብለው ጠየቁ፣ ስሙን አልጠሩም። ገዱ ሰምቷል። ቄሶቹ ጸሎቱን ሳይጨርሱ መኪናውን አስነሳ። አሁን ወደ መተማ ነው የሚሠራ ይባላል። ዳባትን ሲያልፍ አይቆምም።

እትዬ በለጠችንም ለቅሶ የሚጠራት ጠፋ። ግማሹ ተገዝታለች ይላል። ተገዝታ እንዳይደለ የሚያውቁት ደግሞ ያለ ሬሳ ያወረደች ናት ብለው ይፈሯታል፤ ይህኛው ይብስባታል መሰለኝ፣ እውነት ስለሆነ። ጎረቤታችን ገብረ ኪዳን ሲሞት አስለቃሽ ከሌላ አገር አስመጡ። እሷ ከኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጣ ዋለች። ሽንኩርቷንም ገበያ ይዛ ስትወጣ ወጣቶቹ "እስቲ አንዴ በይልን" እያሉ ስልክ ስለሚደቅኑባት ለኔ ሰጥታኝ እኔ እሸጥላታለሁ።

እኔ እማማ የትናየት ዘንድ ጧት ጧት ውሃ አደርሳለሁ፣ ሌላ ሰው የላቸውም። ውሃውን ሳወርድ ለዚሁ ብለው ያስገዙትን ስልክ ያቀብሉኛል። "ክፈችልኝ" ይላሉ። የፊተኛውን ነው የሚፈልጉ። የዋሴ ፎቶ፣ ሬሳው፣ ራሳቸውም እዚያ ላይ አሉ። መጀመሪያ ጠጉሯን የምትታጠብ ሴት ትመጣለች፣ የሳሙና ማስታወቂያ ነው። እሷ እስክታልፍ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ከሥር ያለው የተመልካች ቁጥር በየጊዜው ከፍ ብሎ አየዋለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ የሳቸው እንደሆነ እንጃ።

አንድ ጧት "እማማ፣ ሁለተኛውንም ልክፈትልዎ? ድምፁን ብቻ ይስሙት" አልኋቸው።

"ዋሴ አለበት?"

"የለበትም።"

"እንግዲያ ምን ያረግልኛል" አሉ። "ያንኑ ድገሚልኝ።"

ደገምሁላቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን እስከ መጨረሻ ነው የሚከፍቱት፣ ደጅ ድረስ ይሰማል። ስወጣ እትዬ በለጠች ሽንኩርቱን ልትሰጠኝ መጥታ ከአጥሩ ወዲያ ቆማለች። የገዛ ድምፅዋ ከቤት ውስጥ "ከተራራ" ብሎ ቆመ፣ ዘፈኑ ገባ። ከረጢቱን አቀበለችኝና፣ "ዛሬ ትንሽ ረጥቧል፣ በጊዜ ሽጪው" ብላኝ ተመለሰች።