ሰሌዳው ላይ ያጠፋሁት መስመር

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ከአዘዞ ደውሎ እንደ ልማዱ «ያቺን ነገር አገኛችኋት?» አለኝ። ያቺ ነገር የኒውትሪኖ ማግኔትነት ናት። ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌላት፣ አሁንም በሰውነታችን ውስጥ ሳንሰማት የምታልፍ ደቃቅ ቅንጣት ናት። ስሌቱ ጥቂት ማግኔትነት አላት ይላል፤ እስካሁን ግን ለክቶ ያገኘው የለም።

ስሌቱን መጀመሪያ ሰው ፊት የሠራሁት ጎንደር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ነው። ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የመጨረሻውን መስመር ሰሌዳው ላይ እንደጻፍኩ፣ ሽበታሙ ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው «ምነው ልጄ፣ ቻርጅ የሌላትን ከማግኔት ጋር ምን አገናኛት?» አሉ።

እኔ የቅኔ መምህር ልጅ ነኝ። በአባቴ ጉባኤ ቤት ተማሪ ቅኔው ሲታረምበት እጅ ነሥቶ ይቀበላል እንጂ አይከራከርም። እኔም እጅ ነሣሁና መስመሩን በዳስተር አጠፋሁት።

«ታዲያ ምን ቀረሽ?» አሉኝ። ዳስተሩን አስቀምጬ አቀረቀርኩ። ሰኞ ደግሜ አቅርቤ ካላለፍኩ እንደማልመረቅ ተነገረኝ።

በሚኒባስ አዘዞ ወረድኩ። እናቴ ያቀረበችልኝን የሱፍ ፍትፍት ሳልነካ ተቀመጥኩ። አባቴ የጫማቸውን ጭቃ ደጃፉ ድንጋይ ላይ እያራገፉ ታሪኬን ሰሙ።

«የጻፍሽው ስሕተት ነበር?»

«አልነበረም፣ አባዬ።»

«ምነው አጠፋሽው ታዲያ?»

«እርማት መስሎኝ።»

«አይሆንም አሉሽ?»

መልሼ አሰብኩት። «አላሉም። ጠየቁኝ።»

አባቴ ሳቁ። «እናትሽን በክርክር የምታደክሚው ልጅ፣ እዚያ ስትደርሺ ጨዋ ሆንሽ? ሰው ጠይቆሽ ዝም ካልሽ እኮ ናቅሽው። በይ፣ ሱፉን ብዪ።»

ሰኞ መስመሩን መልሼ ስጽፍ ፈታኙ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። ዳስተሩን ሳልነካ ወደ መስመሩ አመለከትኩ።

«ለቅጽበት ቻርጅ ወዳላቸው ሁለት ቅንጣቶች ተለውጣ ትመለሳለች» አልኩ። «አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጋቲቭ ነው፤ ሲደመሩ ዜሮ። ማግኔቱ የሚያገኛት በዚያች ቅጽበት ነው።»

«ያየው አለ?»

«የለም፣ መምህር። ስሌቱ ግን ይኸው፤ የሳትኩበት ካለ ያሳዩኝ።»

ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ «ባለፈው ይህ አፍሽ የት ሄዶ ነበር?» ብለው ፈረሙልኝ።

ዛሬ ከአገሬ ርቄ ያንኑ ማግኔትነት ለመለካት ከሚደክሙት አንዷ ነኝ። መሣሪያችን እስካሁን የሚነግረን «ከዚህ አይበልጥም» ብቻ ነው። ጾሜንና ጸሎቴን የሚያዩ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በፈጣሪ እያመንሽ የፈጠረውን መመርመር አይከብድሽም ወይ ይሉኛል። አይከብደኝም። ጸሎቴን አድርሼ እገባለሁ፤ አጥርቼ እጠይቃለሁ፤ የለካሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ለጻፍኩት ደግሞ ቆሜ እመልሳለሁ።